የዶክተሯን ጽሑፍ የሚያነቡት ብቸኛ ሰው

ሰው በሚኖርበት ሁሉ አንድ አራሚ አይጠፋም። «ትናንት ዘነበ» ሲሉት «አካፋ እንጂ አልዘነበም» የሚል፣ ቀብር ላይ ቆሞ የሟችን ዕድሜ በሁለት ዓመት የሚያስተካክል፣ መንገድ ለጠየቀው እንግዳ መጀመሪያ ጥያቄውን የሚያቃና። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁማ አግብታችሁታል።

የዚህ ታሪክ አራሚ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው። የሠፈሩ ሰው «ጋሽ እርማት» ይላቸዋል፤ ከጀርባቸው ማለት ነው። ፊት ለፊት የደፈራቸው አንድ ጎረቤት ብቻ ሲሆን፣ እሱም «ይቅርታ አድርግልኝና እንደሱ አይደለም። እርማት የድርጊቱ ስም ነው፤ ሰውየው አራሚ ነው የሚባለው» ተብሎ አንገቱን ደፍቶ ተመልሷል።

በከተማው ቤተ መዛግብት የምትሠራውን መዝገብ አደራጅ ከእኚህ ሰው ጋር ያገናኛት የአንዲት ሐኪም የእጅ ጽሑፍ ነው። ሐኪሟ በከተማው የመጀመሪያዋ ሴት ዶክተር ነበሩ። አርባ ዓመት አክመው፣ የሆስፒታሉን ማዋለጃ ክፍል ከባዶ ሜዳ አስነሥተው፣ አምና ሲያርፉ ልጃቸው ሠላሳ አንድ ካርቶን ወረቀት ለቤተ መዛግብቱ ሰጠች። የሕሙማን ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ ከአለቆች ጋር የተጨቃጨቁባቸው ማመልከቻዎች፣ በመድኃኒት ማሸጊያ ጀርባ ላይ የተጻፈ የአስቤዛ ዝርዝር ሳይቀር አለበት። አደራጇ የመጀመሪያውን ካርቶን ከፍታ አንድ ደብተር ገለጠች። የያዘችው ዘቅዝቃ መሰላትና አዙራ አየችው። አልዘቀዘቀችም ነበር። ዶሮ የጫረችው መሬት ከዚያ ጽሑፍ ይሻላል።

የቤተ መዛግብቱ ኃላፊ ቁርጡን ነገሯት። «ሦስት ወር አለሽ። ዝርዝሩ ካለቀ መደርደሪያ እሰጠዋለሁ። ካላለቀ ወደ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ይላካል።»

ምድር ቤቱን አይታዋለች፤ ግድግዳው ክረምት ከበጋ የሚያልበው ነው። እዚያ የገባ ወረቀት ዓመት አይከርምም። ስለዚህ ወደ ዶክተሯ ልጅ ደወለች።

«የእማዬን ጽሑፍ እኛም አናነበውም» አለች ልጅቷ። «ትምህርት ቤት ስቀር የጻፈችልኝን ወረቀት ይዤ ስሄድ አስተማሪዬ ‹ይህን ማን ሞነጫጨረው?› ይሉኝ ነበር። የሚያነቡት አንድ ሰው ናቸው፤ አብረዋት ይሠሩ የነበሩት ፋርማሲስት። ትዕግሥት አለሽ?»

«አለኝ» አለች አደራጇ። ኋላ ላይ ይህን መልሷን ደጋግማ አስታውሳዋለች።

ክቡርነታቸው ጋሽ እርማት በማግስቱ ልክ በሦስት ሰዓት መጡ፤ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የራሳቸውን አጉሊ መነጽርና የተቀረጹ ሦስት እርሳሶች ይዘው። በር ላይ ጥበቃው የሳል ሽሮፕ ሲጠጣ አገኙትና «ይህ የሾርባ ማንኪያ ነው፤ የታዘዘልህ በሻይ ማንኪያ ነው» ብለው ጠርሙሱን ተቀበሉት። ኃላፊው ሊቀበሏቸው ወጥተው «ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያገለገሉ» ብለው ንግግር ሲጀምሩ፣ ክቡርነታቸው እጃቸውን አነሡ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና እንደሱ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው። አይጠጋም፤ አልፎታል።» ኃላፊው ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ አደራጇ ክፍል አልመጡም።

ማንበቡን ግን አነበቡት። ሌላው ሰው ጭረት ብቻ በሚያይበት ቦታ እሳቸው እንደ ጋዜጣ ይወርዱታል። ችግሩ በየመስመሩ መሐል አስተያየት መኖሩ ነው። «የማዋለጃው መስኮት በምሥራቅ በኩል ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።» «እዚህ ላይ ቀኑ ተሳስቷል፤ ሐሙስ ነበር።» አደራጇ የጻፈችውን ቃል እያሰረዙ፣ የተቀመጠችበትን ወንበር እያስተካከሉ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ታኝኪያለሽ እያሉ ሰነበቱ። አንዳንድ ቀን ደሟ ፈልቶ፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ከአሥረኛው ካርቶን አንድ ማስታወሻ አወጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ «‹ፋርማሲስቱ ዛሬም ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበሩ። መድኃኒት ቤቱን ወደ ሌላ ሕንፃ ማዛወር ይቻል ይሆን?›»

አደራጇ ሳቋ አፈናትና ቀና ብላ አየቻቸው። ክቡርነታቸው በኩራት ደረታቸውን ነፍተዋል። «ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበሩ ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ሌላው አስፈላጊ አይደለም።»

ሁለት ወር አለፈ። ሰው የዋለበትን ዓይኑም ይለምደዋል፤ አደራጇ ሳይታወቃት ጭረቶቹ ቃል ይሆኑላት ጀመር። መጀመሪያ ቀኖቹን፣ ቀጥሎ የመድኃኒት ስሞቹን፣ ኋላም ሙሉ ገጽ ከእሳቸው ቀድማ ትጨርስ ነበር። አልነገረቻቸውም። ብትነግራቸው «እንደሱ አይደለም» ማለታቸው አይቀርም።

ሃያ ሰባተኛው ካርቶን ላይ ቡናማ ልባስ ያለው ደብተር ተገኘ። ጋሽ እርማት መሐሉን ገልጠው ማንበብ ጀመሩና አቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ምንም አስተያየት ሳይሰጡ ይህን ያህል ሲቆዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«የጣሪያ ጥገና ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጣሪያው አፈሰሰ ይላል። እለፊው።»

የዚያን ቀን ራሴን አመመኝ ብለው ቀደም ብለው ሄዱ። አደራጇም ደብተሩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አነበበችው።

«ዛሬ ለአንዲት የአራት ዓመት ልጅ የልብ መድኃኒት አዘዝኩ። ከመጠኑ ቁጥር መሐል ነጥቧን ዘልዬ አሥር እጥፍ ጽፌባታለሁ። ፋርማሲስቱ በዝናብ ሮጠው መጡ። በሩን ዘጉና ማዘዣውን ጠረጴዛዬ ላይ አድርገው ‹ዶክተር፣ ብዕርዎ ቀለም የጨረሰ መሰለኝ፤ አንዲት ነጥብ ሳይታይ ቀርቷል› አሉኝ። ልጅቷ ደኅና ናት። ለነርሶቹም፣ ለአለቃቸውም አልተናገሩም። እኔ ግን እዚህ እጽፈዋለሁ።»

አደራጇ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የመስኮቱን አቅጣጫ ሳይቀር የእኔ ነው የሚሉ ሰው፣ በሕይወታቸው ትልቁን እርማት ጣሪያ አፈሰሰ ብለው አልፈውታል።

ጠዋት ሲመጡ ባርኔጣቸውን እስኪያወልቁ ጠበቀቻቸው። «ጋሼ፣ የትናንቱን ገጽ አንብቤዋለሁ።»

እርሳሱን በእጃቸው ያዙት እንጂ አልተቀመጡም። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነቢው?»

«አንድ ወር ይሆነኛል።»

«እና ዝም አልሽኝ።»

«እርስዎም ዝም አሉኝ።»

ተቀመጡ። «ስሚኝ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ይህን ሁሉ ካርቶን አያነብም። አንድ ገጽ ነው ፈልጎ የሚያነበው፤ እሱም የሚያስነውረውን ነው። ዶክተሯ አርባ ዓመት ስንቱን አዋልደው፣ ስንቱን ከሞት አፍ አውጥተው፣ በአንዲት ነጥብ ሊነሡ? እስከ ዛሬ አፌን ይዣለሁ። ሞተው፣ መልስ መስጠት በማይችሉበት ጊዜ አልናገርባቸውም።»

አደራጇ ደብተሩን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። «ዶክተሯ ገጿን መቅደድ ይችሉ ነበር ጋሼ። ደብተሩን እሳት ውስጥ መጨመርም ይችሉ ነበር። ‹እኔ ግን እዚህ እጽፈዋለሁ› ነው ያሉት። አሁን እኛ ጣሪያ አፈሰሰ ብለን ብንጽፍ፣ ዶክተሯን አረምናቸው ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ እዚህ ገጽ ላይ ምንም አልተሳሳቱም።»

ጋሽ እርማት አጉሊ መነጽራቸውን አንሥተው «ጻፊ» አሏትና ገጹን ከመጀመሪያው ጀምረው አነበቡላት። «ለአለቃቸውም አልተናገሩም» የሚለው ላይ ሲደርሱ አጉሊ መነጽሩን አስቀምጠው መልሰው አነሡት፤ እሷም ቀና ሳትል ጠበቀቻቸው። ሲጨርሱ እርሳሳቸውን አነሡ።

«ልጅቷ አራት ዓመቷ አልነበረም» አሉ። «አምስት ሊሞላት ሁለት ወር ነበር የቀራት። ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ የመድኃኒቷን መጠን ለመወሰን በየወሩ እኔ ነበርኩ የምመዝናት።»

አደራጇ በግርጌ ማስታወሻ አስገባችው።

ዝርዝሩ ቀኑ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው አለቀ። ሠላሳ አንዱም ካርቶን ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ መደርደሪያ አገኘ። ጋሽ እርማት የካርቶኖቹ ቁጥር ጠማማ መለጠፉን ነግረዋት፣ ራሳቸው አቃንተው፣ እጇን ጨብጠው ሄዱ።

አደራጇ ያን ሳምንት አረፈች። በሁለተኛው ሳምንት ምሳዋን እንዳሻት እያኘከች ከግድግዳው ጋር ተፋጠጠች። በሦስተኛው ጥበቃው ራሱ መጥቶ «ሽማግሌው ምነው ጠፉ? ሳሌ ለቆኛል ልላቸው ነበር» አላት። ሰኞ ዕለት አዲስ ካርቶን መጣ፤ የአንድ የድልድይ መሐንዲስ ወረቀት ነው። ከፈተችው። ጽሑፉ ጥርት ያለ፣ ሕፃን ልጅ የሚያነበው ነበር። ክዳኑን መልሳ ዘጋችና ስልኩን አነሣች።

«ጋሼ፣ አዲስ ካርቶን መጥቶብኝ ነበር። ጽሑፉ ጨርሶ አልነበብ አለኝ።»

«የማን ነው?»

«የአንድ መሐንዲስ።»

መሐንዲስ ተራ ፊደል እንኳ በማስመሪያ አስተካክሎ እንደሚጽፍ፣ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። አደራጇ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«አዎ» አሉ ጋሽ እርማት። «መሐንዲሶች ጽሑፋቸው ያስቸግራል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ።»