እሳቸው አርፈዋል

ዛሬ ኅዳር 18 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በመካነ ሰላም ከተማ፣ በሙሉ ጤንነት ላይ ለሚገኙት አባቴ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል።

ጥፋተኛው አንድ ተውላጠ ስም ነው።

ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ እናንተ ዘንድ እንደ ደረሰ አውቃለሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በሰው የምትገፋ መኪና ተከትላ የምትሄደው ሴት እኔ ነኝ። ኮመንቶቹን አንብቤአለሁ። «ምን ነክቷት ነው?» ላላችሁ፣ የነካኝ የሚከተለው ነው።

መኪና አለኝ። ባለ ቱርቦ፣ የስፖርት፣ ሥሪቷን የማልጠራላችሁ። ከዓረብ አገር የተመለሰ አንድ የከተማችን ሰው በመርከብ አስመጥቶ፣ ሁለት ወር ነድቶ፣ ፈገግ ብሎ ሸጠልኝ። የፈገግታው ትርጉም የገባኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

የዶክትሬት ጥናቴ በማሽን ዕቃዎች ዕድሜ ላይ ነው። አንድ ዕቃ መቼ እንደሚሰበር አስቀድሞ ማስላት።

አትሳቁ።

ወይም ሳቁ። የከተማው ሰው ቀድሟችኋል።

ምርጫዬ ግን ያለ ስሌት አልነበረም። በዚህ ደጋ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና ዳገት ሲወጣ እንደ ሳንባ በሽተኛ ያለከልካል፤ ቱርቦ ያለው ግን የሳሳውን አየር ራሱ ጨምቆ ለሞተሩ ይመግበዋል። የእኔዋ ከአቀስታ ወዲህ ያለውን ዳገት ስትወጣ፣ አሁን ያለፍኩት የጭነት መኪና በመስታወቴ ውስጥ የምስር ፍሬ ያክላል። ያን ስሜት በጽሑፍ መግለጽ አልችልም። ብችል ኖሮ ጽፌው ይወጣልኝና መኪናዋን እሸጣት ነበር።

ያላሰላሁት አንድ ነገር ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ቱርቦው የጎደለውን ለመሙላት ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። ስለዚህ ለዚህ አገር ከሁሉ የሚሻለው መኪና፣ በዚህ አገር ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበረው ነው።

ይህን በዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቼ በምሳሌነት አስተምሬዋለሁ። የመኪናዋ ባለቤት ማን እንደ ሆነች አልነገርኳቸውም። ያውቃሉ።

በመጀመሪያ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው የጎማ ቱቦ ተተረተረ። ተቀየረ። ቀጥሎ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ቦቢና ተቃጠለ። ተቀየረ። በወሩ ሁለተኛው ቦቢና፣ በሌላ ወር ሦስተኛው፤ አራተኛውም ከወንድሞቹ ተለይቶ መኖር አልወደደም። ከዚያ ቱቦው እንደገና። ከዚያ የሙቀት ሴንሰሩ፣ ምንም ሳትሞቅ «ሞቃለች» እያለ በየኮረብታው ያስቆመኝ ጀመር። በሐሰት ምስክርነት የሚከሰስ ዕቃ ቢኖር እሱ ነበር። በክረምቱ መካከል ቱርቦው ራሱ ሞተ። አዲስ ገባ።

እነዚህን ሁሉ የጠገኑት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ጅዳ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሀብታም ልጆችን ፈጣን መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው የተመለሱ መካኒክ ናቸው። እኔ በቀመር የምደክምበትን እሳቸው በጆሯቸው ይጨርሱታል። ባለፈው ወር ዐይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን አዳመጡና «ይኼ ቱርቦ ገናን አይደርስም» አሉኝ። የእኔ ስሌት እስከ ፋሲካ ይላል። እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልረታኋቸውም።

ጋሽ ሰይድ ለመኪና የተለየ ሥርዓት አላቸው። ሚኒባሱን «አንተ» ይሉታል። ባጃጇን «አንቺ» ይሏታል። የእኔዋን «እርስዎ» ይሏታል።

ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «ዶክተር፣ የከበረ ዕቃ ነው። እሳቸው ከቤንዚን ይልቅ አደብ ይፈልጋሉ» አሉኝ።

በዚያ ጋራዥ ውስጥ «አንቺ» የምንባለው እኔና ባጃጇ ነን።

አሁን የማያኮራኝን ልናገር። ቅሬ የለኝም።

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ያስተዛዝናል። ቅሬ የሌለው ሰው፣ በዚህ ከተማ ቋንቋ፣ ሰው የለውም። የሠፈራችን የቅሬ ዳኛ አቶ ይማም ሊመዘግቡኝ ሦስት ጊዜ ደጄ ድረስ መጥተዋል። በሦስተኛው እንዲህ አልኳቸው፦ «ከሞትኩ በኋላ ያለው አይመለከተኝም፤ ከመሞቴ በፊት ያለውን ብቻዬን እችለዋለሁ።»

አቶ ይማም «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። ዐረፍተ ነገሩ ግን ቀረ። ገበያ መካከል ሲጠቀስ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቃል ሳያጎድሉ ነው የሚጠቅሱት። አባቴ ያሉበት ወረኢሉ ድረስ ሄዶ እሳቸውም ሰምተውታል። አንድ ሳምንት ሙሉ አልደወሉልኝም። በኋላ ሲደውሉ «ልጄ፣ ብቻውን የሚቀበር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም አልኳቸው። «እኔ አይቻለሁ» አሉ፤ ወሬውን ቀየሩት።

ወደ ዛሬው ልምጣ። መኪናዬ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ስለ ሆነች ከአቀስታ የተመለስኩት በሚኒባስ ነው። አጠገቤ ጎረቤቴ እትዬ የሺ ተቀምጠዋል። የቅሬው አባል ናቸው፤ ጆሯቸው ከማንኛውም ሴንሰር ይበልጣል። ስልኬ ላይ የጋሽ ሰይድ ቮይስ ገባ። ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ከፈትኩት። ድምፁ እስከ መጨረሻው ተለቅቆ እንደ ነበር አላየሁም።

«አሰላሙ አለይኩም ዶክተር። እንግዲህ አብሽሪ። ሰው የቻለውን ያደርጋል፤ የቀረው የአላህ ነው። እሳቸው ዛሬ ጧት አርፈዋል። ላስነሳቸው ሞከርኩ፤ አንዴ ሳል አሉና ጸጥ። ትንፋሻቸው ከሰሞኑም አላማረኝም ነበር…»

ከዚህ በላይ አልሰማሁም። ስልኩ እትዬ የሺ እጅ ገብቷል።

«መርዶ በስልክ ይነገራል?» አሉ ለሚኒባሱ ሁሉ። «ምን ዓይነቱ ሰው ነው? ሽማግሌ የለበትም አገሩ?»

ሚኒባሱ ቆመ።

«እትዬ የሺ፣ ያረፈችው መኪናዬ ናት» አልኩ። ቃል በቃል ይህንኑ ነው ያልኩት።

«አዎ ልጄ፣ መኪናም አይጠፋም። ሾፌር፣ እስቲ ለአቶ ይማም ደውልና መኪና ይፈለግ በል።»

«መኪና አያስፈልግም። የተሰበረው ቱርቦው ነው።»

«ቱርቦ ትላለች» አሉ ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት፣ በከባድ ሐዘን። «ድንጋጤ ነው። ተዉአት፣ ይውጣላት።»

እውነቱን በትክክለኛ ቃል በተናገርኩ ቁጥር እብደቴ ይበልጥ ተረጋገጠ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ «አልቅሺ፣ አልቅሺ» አሉኝ። ዝቅ ሳደርግ «ልቧ ተሰበረ» አሉ። ዝም ስል ውኃ ረጩብኝ።

ሟቹ አባቴ ናቸው ብሎ የወሰነው ማን ነው? ማንም አልወሰነም። «እሳቸው» የምለው ሌላ ሰው እንደሌለኝ ከተማው ያውቃል። እትዬ የሺ ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አንስተው አዘቅዝቀው አለበሱኝና ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ። አባቴን አይተዋቸው አያውቁም።

ሾፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጉድጓድ ቀስ እያለ አለፈው። በዚህ መንገድ ላይ እንዲህ ተጠንቅቆ የተነዳልኝ የመጀመሪያው ቀን ነው።

ስንደርስ ድንኳኑ ቆሟል። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ጓሮዬ ውስጥ፣ የእኔ ባልሆነ ድስት፣ ንፍሮ ተጥዷል። ቆጠርኩ፤ ስልሳ ሦስት ሰው። አቶ ይማም በትራቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል። ያን ዐረፍተ ነገሬን በቃላቸው የሚያውቁት ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንድም የጠቀሰው የለም።

በሙያዬ፣ አስተማማኝነት ማለት አንድ ነገር በተፈለገበት ሰዓት ሥራውን እየሠራ የመገኘት ዕድል ነው። ይህን በዕቃ ላይ ስለካ ዓመታት ፈጅቻለሁ። በሰው ላይ ለክቼው አላውቅም ነበር። የሚለካ አልመሰለኝም።

ከለቀስተኛው መካከል፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጋሽ ሰይድ ቆመዋል።

ያለቅሳሉ።

«ዶክተር፣ አባትሽ ታመው ነበር እንዴ? እኔ ደግሞ ምንም ሳላውቅ በዚህ ቀን ስለ መኪና ቮይስ እልክልሻለሁ። አፉ በይኝ።»

ልብ በሉልኝ። ሰውየው ራሳቸው ላረዱኝ መርዶ ሊያስተዛዝኑኝ መጥተዋል።

«ጋሽ ሰይድ፣ አባቴ ማረፋቸውን ማን ነገረዎት?»

«ሰዉ ሁሉ።»

«ሰዉስ ከማን ሰማ?»

«እኔ ምን አውቄ። አንቺ ሚኒባስ ላይ ሆነሽ በስልክ ተረዳሽ አሉ…» ቆም አሉ። «በማን ስልክ ነው የተረዳሽው?»

እትዬ የሺ ስልኬን መለሱልኝ። የቀረውን ግማሽ ለስልሳ ሦስት ሰው አሰማሁ።

«…ከዚያ ኮፋኖውን ከፍቼ ሳይ፣ የቱርቧቸው ዘንግ ተቆርጧል። ዘይቱን በማርሚታቸው ተፍተውታል። ቱርቦውን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼዋለሁ። ሌላው እስኪመጣ ግን ጋራዡን ዘግተውብኛልና የሚገፋ ሰው ፈልጊ።»

አንዲት ሴት ነጠላዋን ማቃናት ጀመረች።

«ቆይ» አሉ እትዬ የሺ። «እኔ ከአቀስታ እስከዚህ ያለቀስኩት ለብረት ነው?»

«ለቱርቦ» አልኩ።

«ደረቴን የደቃሁት?»

«ደኅና ብረት ነበሩ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ መሬት መሬት እያዩ።

አቶ ይማም አልሳቁም። «አባትሽ በእርግጥ ደኅና ናቸው?» አሉኝ። ናቸው አልኩ። «ደውዪ። በጆሯችን እንስማቸው።»

ደወልኩ። «አባባ፣ እንደምን አደሩ። አርፈዋል ተብሎ እኔ ቤት ሰው ተሰብስቧል። ስሕተት ነው።»

«ስንት ሰው መጣ?»

«ስልሳ ሦስት።»

«አንቺ ጋ?»

«እኔ ጋ።»

«በይ ቆመሽ አታውሪኝ፤ ሰዎቹን አስተናግጂ» ብለው ዘጉት። የመጨረሻው ቃል ላይ ድምፃቸው ተቆራርጦ ነበር። የመስመር ችግር ነው ብዬ ለመደምደም የሚያበቃ መረጃ የለኝም።

ከዚህ በኋላ ሰዉ ወደየቤቱ ይበተናል ብዬ ገመትኩ። ግምቴ እንደ ወትሮው ነበር።

«ንፍሮው ተጥዷል» አሉ አቶ ይማም። «የተጣደ ሳይበስል አይወርድም። ቅሬም ከወጣ ሳይሸኝ አይገባም። እሳቸው የት ናቸው?»

ወንዶቹ ተነሥተው ወደ ጋራዡ ሄዱ። መኪናዬን ከዚያ አውጥተው፣ በገበያው አድርገው፣ ዳገቱን እየገፉ ወደ ግቢዬ አመጧት። ጋሽ ሰይድ መሪውን ይዘዋል። መንገድ ዳር የተቀመጠው ሰው፣ ነጠላዬንና የቅሬውን ሰዎች ሲያይ፣ እንደ ወጉ ብድግ ይላል፤ ባርኔጣውን ያወልቃል። አንዱ «ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። «ቱርቦ ናቸው» አሉት ከገፊዎቹ አንዱ፣ እያለከለኩ። «ነፍስ ይማር» አለ ሰውየው፣ ሳያቅማማ።

እናንተ ያያችሁት ቪዲዮ ይህ ነው። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። «እያለቀሰች ነው» ያላችሁ አላችሁ፤ «እየሳቀች ነው» ያላችሁም አላችሁ። ሁለታችሁም በቂ ማስረጃ አላችሁ።

ጋሽ ሰይድን ይቅር ብያቸዋለሁ። ከእንግዲህ መኪናዋን «አንቺ» እንዲሏት ጠይቄ ነበር። እምቢ አሉ። «ከፈለግሽ አንቺን እርስዎ ልበልሽ» አሉኝ። ሦስተኛውን ቱርቦ አዝዣለሁ። ለምን እንዳትሉኝ። ስሌት አይደለም።

የቀረኝ ከአቶ ይማም ጋር ያለኝ ጉዳይ ነው።

አቶ ይማም፣ ምራትዎ ፌስቡክ እንደምታነብልዎት አውቃለሁና በሰው ፊት እጠይቅዎታለሁ። ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስት ጊዜ መልሼዎታለሁ። አራተኛውን የምመጣው እኔ ነኝ፤ እሑድ ጧት፣ ቅሬው ሲሰበሰብ። ዛሬ ድንኳኑ ሲነቀል አንዱን ጫፍ ይዤ ሳጥፍ ዐይተው ዝም ብለውኛል። ዝምታዎን እንደ መልስ አልቆጥረውም፤ ቃል እፈልጋለሁ።

በሚቀጥለው ለቅሶ ተረኛ ነኝ ወይስ እንግዳ?