ለመንጋጋዬ ደም ፍለጋ ወንድሜ ደጅ

ወገኖቼ፣ እናንተ ሳቁልኝ፤ እኔ ዛሬ መሳቅ ተከልክያለሁ!

ድዴ ተሰፍቷል። ኩራቴን የሚሰፋልኝ ግን አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንጋጋዬ አጥንት ውስጥ እብጠት ተገኘብኝ። ባሕር ዳር ያለችው የጥርስ ሐኪም፣ ገና ልጅ እግር ናት፣ "አባባ፣ በኦፕሬሽን እናወጣዋለን። አጥንቱ ላይ ጉድጓድ ይቀራል፤ ቶሎ እንዲሽር ደም እንጠቀማለን" አለችኝ።

የማን ደም? ብዬ አልጠየቅኩም።

ጠይቄ ቢሆን ይህን ፖስት አታነቡም ነበር!

እኔ የማውቀው ደም ዘመድ ሲሰጥ ነው፣ ያውም የእናት ልጅ። የእናቴ ልጅ ደግሞ አንድ ስጦታው ብቻ ነው፣ ታናሼ። ከስጦታው ጋር በእርሻ ወሰን ተጣልተን ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገርንም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ እሱ በአንዱ በር ከገባ እኔ በሌላው ነኝ።

ሞት ይሻላል ወይስ ስጦታው? ሁለት ቀን አሰብኩበት። እውነቴን ነው!

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንጋይ ማጅራቴ ላይ ጭኜ ደጁ ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዬ! ጎረቤት ሁሉ እያየ!

"ማረኝ ስጦታው። የወሰኑን ድንጋይ ሁለት ክንድ ወዳንተ የገፋሁት እኔ ነኝ" አልኩት፤ የደሙንም ጉዳይ ነገርኩት።

አዎ፣ ገፍቼው ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነው።

ስጦታው ድንጋዩን ከላዬ አወረደና፣ "ለመሆኑ ሐኪሞቹ ስንት ሊትር ነው የሚፈልጉት?" አለኝ።

ዛሬ በጠዋት ከንፋስ መውጫ ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ወረድን። እሱ ብቻ የመጣ መሰላችሁ? ሦስት ጎረቤቶች "እኛስ ደም የለንም ወይ?" ብለው ተከተሉን። ክሊኒኩ በራፍ ላይ አራቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው ተሰለፉ!

ሐኪሟ ወጥታ አየቻቸው። "ምንድን ነው አባባ?"

"ደም ሰጪዎቼ ናቸው።"

"የርስዎ ይበቃል እኮ! ለዚያውም ትንሽ።"

ትንሽ!

ከክንዴ ቀድታ ጣት ጣት የሚያህሉ ብልቃጦች ሞላች። ማሽን ውስጥ ከተተቻቸው፣ እንደ ወፍጮ ዞረ። ሲቆም ደሙ ተለያይቶ መሀሉ ላይ ቢጫ፣ እንደ ረጋ እርጎ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሠርቷል። እብጠቱን አውጥታ እሱን በጉድጓዱ ሞላችና ሰፋችኝ። የሚጠግነኝ የገዛ ደሜ ነው፣ ጉድ እኮ ነው!

ከዚያ ጥጥ አስነከሰችኝና፣ "አንድ ሰዓት ሙሉ እንዳይናገሩ" ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ስጦታው ይህችን ሰዓት እግዜር የሰጠው መሰለው! አጠገቤ ተቀምጦ ጎረቤቶቹን ጠራ።

"እንግዲህ ደሜ አላስፈለገም። ይቅርታውን ግን ተቀብያለሁ፣ አልመልስም። ድንጋዩ ነገ ወደ ቦታው ይሄዳል። ተቃውሞ ካለህ አሁን ተናገር፣ ጋሼ!"

"እምምም!" አልኩ።

"ሰማችሁ? እሺ ብሏል! ምስክር ናችሁ!"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ ሐኪሟ ሳትቀር። እኔም ሳቅ አምልጦኝ ስፌቱ ሳበኝ። ዕንባዬ መጣ። የሕመም ነው አልኩ በሆዴ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ "ጋሼ" አለኝ እኮ!

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስጦታው ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሰዓቷ አልፋለች፣ ጥጡ ወጥቷል፣ መከራከር እችል ነበር። እንዳይነቃብኝ ብዬ ዝም አልኩ።

እናላችሁ ሐኪም ቤት ስትሄዱ እስከ መጨረሻው አዳምጡ፣ እንደኔ ሁለት ክንድ መሬት እንዳትከስሩ!

ግን ቆይ፣ ከስሬያለሁ እንዴ?