ባሽሙሃንዲስ አያሌውና የዘመመችው ምሰሶ

ማንም ሳይቀጥረው ሥራ የጀመረ መሐንዲስ የሌለበት ሰፈር የለም። ቧንቧ ሲፈነዳ ከውሃው ቀድሞ ይደርሳል። በዐረብ አገር ለምንኖር ለእኛ ለካላክላ ሰፈር ሐበሾች የደረሱን ጋሼ አያሌው ናቸው። በሀብታሞቹ ሰፈር በካፉሪ ዘበኛ ሳሉ ቪላ ሲሠራ ቆመው አይተዋል፤ ትምህርታቸው ያ ነው። «ባሽሙሃንዲስ» አልናቸው፣ በዐረብኛ ዋና መሐንዲስ ለማለት። ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን ሹመቱን ተቀበሉ።

ትልቁ ሥራቸው ቤቴ ጥግ ያለችው የመብራት ምሰሶ ነበረች። የአገሩን ጦርነት ተቋቁማ ለምስጥ የተሸነፈች እንጨት፤ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያዬ ዘማለች። ከጣሪያው ሥር የምንተኛው እኔና ልጄ ናርዶስ ነን። ባሽሙሃንዲስ ጠዋት ጠዋት በከዘራቸው ሦስት ጊዜ ቆርቁረው ጆሯቸውን ይለጥፉባታል።

«እንዴት አደረች?» እላለሁ።

«ድምጿ ደህና ነው። ገና አሥር ዓመት ትቆማለች!»

በማግስቱ ደግሞ «ዛሬ ደክሟታል፤ አልጋሽን ወደ በሩ አዙሪው» ይላሉ። በአንድ ክረምት አልጋዬ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞረ።

በስንት ደጅ ጥናት የመብራት ሠራተኞች መጡና የሚቀየሩትን ምሰሶዎች በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉባቸው። የእኔዋም ደረሳት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ባሽሙሃንዲስ ግን «ሰው ሊመጣ ነው፤ እንዲህ ቆሽሻ ትጠብቀው?» ብለው ለፋሲካ አጥራቸውን ከቀቡበት የተረፈውን ኖራ አመጡ። ከሥሯ እስከ ወገቧ ነጭ አለበሷት። ሙሽራ መሰለች። ቀዩ ምልክት ከኖራው ሥር ቀረ።

መኪናው የብረት ምሰሶ ጭኖ የመጣ ዕለት የሠራተኞቹ አለቃ ሂሻም ደጃፌ ላይ ቆመ።

«ኻልቲ» አለኝ፣ አክስቴ ለማለት፤ «ይቺ ምልክት የላትም።»

«መዝመሟ አይታይህም?»

«ምልክት ማፊ፣ ሥራ ማፊ፤ የለም። ያላ፣ እንሂድ!» ብሎ ሹፌሩን ጠራ።

ጋሼ አያሌው በሃያ ዓመት ጉርብትናችን አንድ ቀን «ተሳሳትኩ» ብለው አያውቁም። ያን ቀንም አላሉም። መኪናው ፊት አፈሩ ላይ ዘርፈጥ አሉ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ኖራው ለሙከራ ነው» አሉት።

ከዚያ ተነስተው ኩሽናዬ ገቡና ቢላ ይዘው ወጡ። ሂሻም ወደ ኋላው ሸሸ። እሳቸው ግን በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ምሰሶዋ ሥር ተንበርክከው ይፍቁ ጀመር፤ ቢላው ሲዶለዱም በጥፍራቸው። ቀዩ ብቅ ሲል ቀና ብለው «ሁልጊዜ ከሥሩ መርምር!» ሲሉ ሂሻምን ገሠጹት።

ምሰሶዋ ስትወርድ ውስጧ ባዶ ነበር።

«አሥሩ ዓመት የታለ?» አልኳቸው።

«ምስጡን ሳልቆጥር ነው ያልኩሽ።»

በማግስቱ መጥተው አዲሱን ብረት ቆረቆሩት። ጮኸ። ደግመው ቆረቆሩት፤ ያው ጮኸ። ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሄዱ። ሁለት ቀን ቀሩ። አልጋዬ ባለበት ረግቷል፣ ጣሪያዬም ሰላም ነው፤ እኔ ግን ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ ሦስቷን ኳኳታ እጠብቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከአሮጌዋ ምሰሶ የተረፈውን ጉማጅ ደጃፌ ላይ አቆምኩና ናርዶስን ላክሁባቸው፤ «የዚህ እንጨት ድምፅ አላማረኝም በያቸው» ብዬ።

ከዘራቸውን ይዘው ከልጅቱ ቀድመው ደረሱ። ቆረቆሩ፤ ጎንበስ ብለው አዳመጡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልጋሽን ወደ መስኮቱ አዙሪው።»

አዞርኩት።