ሊቀ በቆሎ

ዋጋ ሲጨምር ምክንያቱን የሚያውቅ አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተሠራም። የእህል ሻጯ ዕድል ሆኖ የሰፈሩ አዋቂ የመረጡት የእሷን ሱቅ ነው። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት በጭነት መኪና ነዳጅ ሲያቃጥሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ሰፈሩ «ሊቀ በቆሎ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ማዕረጉን ያለ ማንገራገር ተቀብለዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ከተፍ ይላሉ። ግማሽ ኪሎ በቆሎ ገዝተው ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። አንዷ ደንበኛ «ውይ፣ ዛሬም ጨመረ?» ካለች አለቀላት።

«መኪና በላው!» ይላሉ በርጩማቸውን እየሳቡ። «ባሕር ማዶ በቆሎውን ጠምቀው ኢታኖል ያወጡና ቤንዚን ላይ ይቀላቅሉታል። አሁን አንቺ ከመኪና ጋር ተጋፍተሽ ልትገዢ ነው?»

አንድ ቀን የሰፈሩ አስተማሪ «ጋሼ፣ ድርቅም እኮ አለ፤ ማጓጓዣም አለ» ብሎ ሊከራከር ሞከረ።

«አለ እንጂ» አሉት። «ማጓጓዣው ታዲያ በምን ሆነና? በመኪና!»

ስለ ዘይት የጠየቀማ የምሳ ሰዓት እዚያው ይደርስበታል።

እህል ሻጯ ተማረረች። በሳቸው ወሬ ሰልፉ ሲንቀራፈፍ ደንበኞቿ ወደ ማዶው ሱቅ እንዳይሄዱባት ሰጋች። አንድ ዓርብ ሱቋን ስትዘጋ በርጩማውን ከጆንያዎቹ ጀርባ ደበቀችው።

በማግስቱ ሊቀ በቆሎ ጭራሽ አልመጡም። እፎይ አለች። ወዲያው አንዷ ዋጋ ጠየቀች፤ ስትሰማ ግን የምትቆጣው መኪና አላገኘችምና እህል ሻጯ ላይ አፈጠጠች።

«እናንተ ነጋዴዎች መቼም አትጠግቡም!»

«እህሉን ደብቃው ነው እንጂ!» አለች ሌላዋ። ሁለቱም ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

የስንት ዓመት ደንበኞቿ ናቸው። «ኧረ መኪና በልቶት ነው!» ብላ ጮኸች። ሰልፈኛው «እንዴት አድርጎ?» ሲላት ግን የምትመልሰው ጠፋት። ያን ሁሉ ቅዳሜ አንድ ቀን እንኳ ጆሮ ሰጥታ አላዳመጠችም።

በሳምንቱ ሊቀ በቆሎ ጉንጫቸው አብጦ መጡ። ጥርስ አስነቅለው ኖሯል የቀሩት። በርጩማው ተወልውሎ በሩ ላይ ጠበቃቸው። ማዶም ዋጋው ያው የሆነባቸው ሁለቱ ሴቶች ተመልሰው ሰልፉ ውስጥ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ምነው ጠፉብኝ! በሉ ይቀመጡ፤ ዛሬም ጨምሯል።»

«ሐኪሙ ብዙ አይናገሩ ብሎኛል።»

«የመኪናዋን ነገር በቀስታ ይናገሯት፣ እኔም ልያዛት» አለችና ወደ ሰልፉ ዞረች። «እናንተ ደግሞ ዝም በሉ እስቲ፣ ሰውዬው ይናገሩበት!»