ክቡር አምስት ደቂቃና ሦስቱ ኮምፒዩተሮቻቸው

በየመሥሪያ ቤቱ «ትንሽ እንቆይ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ቤቱ ሲቃጠል እንኳ «ጭሱ የኛ መሆኑን እናረጋግጥ» ብሎ በር ላይ የሚያስቆም ዓይነት ነው። የመርከብ ጥገና ጣቢያው ጠላቂዎች የደረሳቸው ግን የዚህ ዘር አውራ ነበር። ስማቸው መታወቂያቸው ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ሰው የሚያውቃቸው «ክቡር አምስት ደቂቃ» በሚለው ማዕረግ ነው።

ማዕረጉን ያገኙት በላባቸው ነው። መንገድ ሲሻገሩ አረንጓዴው መብራት ሲበራ ንቅንቅ አይሉም፤ ጠፍቶ ዳግመኛ እስኪበራ ይጠብቃሉ። «የመጀመሪያውን ምን አምኜ?» ይላሉ። ስምንት ሰው ይጭናል በተባለ አሳንሰር አምስተኛ ሆነው አይገቡም። ባለቤታቸው እንደሚያወሩት ከሆነ፣ የጋብቻ ጥያቄያቸውን «እሺ» ብለው ሲቀበሏቸው ክቡርነታቸው «ግድ የለም፣ በደንብ አስቢበት» ብለው አንድ ወር ጨምረውላቸዋል።

የዚህ ሁሉ ዳፋ የሚያርፈው በአንዲት ወጣት ብረት በያጅ ላይ ነበር። ውሃ ውስጥ የሚበየድ ብረት ሲኖር አብራቸው የምትወርደው እሷ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ባልደረባዋ እሳቸው ናቸው። ነገሩን ለማያውቅ፣ ጠላቂ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ የሚተነፍሰው ናይትሮጅን ደሙና ሥጋው ውስጥ ይገባል። ቀስ ብሎ ከወጣ በሰላም ይለቀዋል፤ ከቸኮለ ግን አረፋ ይሆንና መገጣጠሚያ ይይዛል፣ ሲብስም ሽባ ያደርጋል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት አምስት ሜትር ላይ ገመድ ይዞ ይቆማል። ስንት ደቂቃ እንደሚቆም የሚነግረው እጁ ላይ ያሰረው ትንሽ ኮምፒዩተር ነው።

ሌላው ሰው አንድ ያስራል። ክቡርነታቸው ሦስት። ከሦስት ፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ ስሌታቸውም ለየቅል ነው። ቶሎ የሚያሰናብተውን «ለጋሱ» ይሉታል። መሀል ላይ ያለው «ሽማግሌው» ነው። አንዲት ደቂቃ ለመልቀቅ ነፍሱ የምትወጣው ደግሞ «ንፉጉ»። አንድ ክንድ ላይ ታስረው፣ አንድ ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ሦስት ፍርድ ይሰጣሉ።

«ጋሼ፣ ትክክሉ የቱ ነው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር አንድ ቀን።

«አላውቅም። እነሱም አያውቁም። ደምሽ ውስጥ ገብቶ ያየ የለ፣ ሁሉም ገማች ነው።»

«ታዲያ ሁልጊዜ ንፉጉን የሚሰሙት ለምንድን ነው?»

«ለጋሱ ቢሳሳት ጉልበቴን ነው የሚወስደው። ንፉጉ ቢሳሳት ምሳዬ ቢቀዘቅዝ ነው፣ ልጄ።»

ይህን ብለው በንፉጉ ላይ የራሳቸውን አምስት ደቂቃ ይደርባሉ። «አምስት ደቂቃ ማንን ገደለ?»

«እኔን!» ትል ነበር በያጇ በሆዷ። ምሳዋን ቀዝቅዞ ነው የምታገኘው። የሠራተኞች ሰርቪስ ጥሏት ከሄደ በኋላ ጫማዋ ውስጥ ውሃ እያንቧቸ በእግሯ ወደ ቤቷ ታዘግማለች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንገፈገፋትና ማመልከቻ ጻፈች፤ ባልደረባ ይቀየርልኝ አለች። ምክንያት በሚለው ቦታ «ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ» ብላ ሞልታ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

ያን ቀን ጠዋት ሁለቱ ሃያ አራት ሜትር ወርደው ሲበይዱ አረፈዱ። ሲወጡ እንደ ወጉ ኮምፒዩተሯን ጨው እንዲለቅ ንጹሕ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ከምሳ በኋላ ከባልዲው አወጣች፣ አሰረች፣ አብረው ተመልሰው ወረዱ።

ሥራው አልቆ አምስት ሜትር ላይ ሲደርሱ የእጇ ኮምፒዩተር ሦስት ደቂቃ ብቻ ጠየቃት። የክቡርነታቸውን አየች፤ ለጋሱ ዘጠኝ፣ ሽማግሌው አሥራ አራት፣ ንፉጉ ሃያ ሁለት። ሦስቷን ደቂቃ ጨረሰችና በአውራ ጣቷ ወደ ላይ አመለከተች። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ትታቸው ልትወጣ ስትል ቀበቶዋን ጨምድደው ያዟት። አየሯ ሲያንስ ደግሞ በየቀኑ ገመዱ ላይ የሚያንጠለጥሉትን ትርፍ ሲሊንደር አቀበሏት፤ ጣቢያው በሙሉ የሚስቅበትን ያንን ሲሊንደር። እንደ ልብስ ገመዱ ላይ ተሰጥታ ሃያ ሰባት ደቂቃ ቆመች። ውሃ ውስጥ ስድብ አለመሰማቱ በጀ።

ሲወጡ ኃላፊው አንድ ኮምፒዩተር ይዞ ጠበቃት።

«ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ? የኔን አቧራ ይልቀቅለት ብዬ ባልዲው ውስጥ ከትቼው ነበር። የኔን አስረሽ ነው የወረድሽው!»

እጇን አየች። ዓይነቱ አንድ ነው፣ ቀለሙም አንድ ነው። ይህ ኮምፒዩተር ስለ ጠዋቱ ሃያ አራት ሜትርም ሆነ ገና ከደሟ ስላልወጣው የጠዋት ናይትሮጅን የሚያውቀው ነገር የለም። ሲያሰላ የነበረው ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲፈርም የዋለን ሰው ደም ነው። ሦስት ደቂቃ የበቃው ለኃላፊው ነበር።

የተጠቀለለ ገመድ ላይ ቁጭ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው። ጉልበቷን ሞከረች። ሁሉም አሉ።

«ጋሼ፣ አውቀው ነበር?»

«ምኑን አውቄ! ያንቺው ከኔ ለጋስ በላይ ለጋስ ሆኖ ሳየው ደስ አላለኝም።» ይህን ብለው ከሦስቱ ኮምፒዩተሮች አንዱን በፎጣ ጫፍ ይወለውሉ ጀመር።

ምስጋናዋን ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ያተረፋት ድንገተኛ ጀግንነት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ያተረፋት ግን ያ አሰልቺ አመላቸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ባያሰለቿት ኖሮ ለዚያች ለአንዷ ቀን አይደርሱላትም ነበር። የቀዘቀዘው ምሳ፣ ያመለጣት ሰርቪስ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ትዝ አላትና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» አለቻቸው።

«አሜን። ቶሎ ግን አትነሺ፣ ትንሽ ተቀመጪ።»

ከተነሣች በኋላ ውሃዋ እየተንጠባጠበ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ማመልከቻዋን ፊቱ ዘርግቶ እስክሪብቶውን አንሥቷል።

«አይቼዋለሁ፣ እውነትሽን ነው፣ ሰውዬው አብዝተውታል። ልፈርምልሽ።»

«አምስት ደቂቃ ይቆዩኝ» አለችና ወረቀቱን ከእጁ ሥር ስባ ይዛ ወጣች።

ያቺ አምስት ደቂቃ እስከ ዛሬ አላለቀችም።