ያልተጣላው ሰው ዕርቅ

እኛ ወንዶች በሽታ እንመርጣለን። ጥርሳችንን ሲያመን ሰፈሩ ይሰማል፤ ወገባችንን ሲይዘን ለመንገደኛው ሁሉ እናወራለን። ከወገብ ዝቅ ሲል ግን ዝም ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምትለዋን ተረት ለሌላው እንመክርባታለን እንጂ ለራሳችን አናውላትም። እናንተም ሳትታዘቡ አትቀሩም።

አጎቴ ሰይድ መርሳ አጠገብ ባለችው በግራና የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። መስጊድ ውስጥ፣ በፊተኛው ሰልፍ ከኢማሙ ኋላ ያለችው ቦታ የእሳቸው እንደሆነች ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አምና ከዚያች ቦታ ጠፉ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ሽንታቸው ሲፈልጉት አልወጣ፣ ሳይፈልጉት ጠብ እያለ ለስግደት የታጠቡትን ውዱእ ያፈርስባቸው ነበር። ኢማሙን ቢጠይቁ መላ አይጠፋም፤ መጠየቅ ግን መናገር ነው። ስለዚህ ውሃ መጠጣት ቀንሰው ቤታቸው ይሰግዱ ጀመር።

አገሩ ምክንያቱን ራሱ ፈለሰፈ፤ «ሰይድ ከኢማሙ ተጣልቷል» ተባለ። ሽማግሌ ተላከ። አጎቴ «አልተጣላሁም» ቢሉ «ታዲያ ለምን ቀሩ?» መከተሉ ነው። ታረቁ! ኢማሙም ላላጠፉት ጥፋት «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ከዕርቁ በሦስተኛው ቀን ሽንታቸው ጭራሽ ተዘጋ። ተጠርቼ ከምኖርበት ከመርሳ ስደርስ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ላብ አጥምቋቸው አገኘኋቸው።

«ምን ሆኑ አጎቴ?»

«ወላሂ፣ ይህን ከምናገር ብሞት ይሻለኝ ነበር» አሉና ነገሩኝ።

አለቀስኩ። ሰው እንዴት በሐፍረት ይሞታል?

ወልድያ ያገኘነው ሐኪም መጀመሪያ በቀጭን ቱቦ ሽንቱን አወጣላቸው። በአልትራሳውንድ ሲያይ፣ ከሽንት ፊኛ ሥር ባለው ፕሮስቴታቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አብጦ የሽንቱን መንገድ ዘግቶታል። «ክፉ ዕጢ አይደለም» አለን፤ «ቢቆዩ ግን ኩላሊታቸውን ይጎዳው ነበር።» ከቀናት በኋላ በዚያው በሽንት መውጫው በኩል በመሣሪያ ገብቶ ከረጢቱን ከፍቶ አፈሰሰው። ሆዳቸው እንኳ አልተቀደደም።

ድነው በመጀመሪያው ጁምዓ ቦታቸው ላይ ቆሙ። አገሩም ወልድያ ታክመው መምጣታቸውን እያወቀ «ዕርቁ ያዘ» አለ። እኔ ግን ተናደድኩ።

ከስግደት በኋላ ኢማሙ እጄን ይዘው ወደ ጫማ ማውለቂያው ወሰዱኝ። «ሰይድን ያከመው ሐኪም ወልድያ የት ነው ያለው? ለአንድ ዘመዴ ነው» አሉኝ፤ ዓይን ዓይኔን ግን አላዩም።

ይህንን ለአጎቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሰኞ ጠዋት ኢማሙ ቤት ሄደው ደጃፋቸውን አንኳኩ፤ «የእኔ ነገር እንዲህ ነበር» ብለው ሁሉንም ነገሯቸው። ከዚያ አብረው ወደ ወልድያ ተሳፈሩ።

አገሩ ዛሬም ያንን ዕርቅ ያደንቃል።