ጋሼ ሐምራዊና ነጫጭ አበቦቻቸው

በየግቢው ተስፋ የማይቆርጥ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ተስፋ መቁረጡን ለጎረቤት ይተዋል። ለእኛ ግቢ የደረሱን ጡረታ የወጡት የሳይንስ መምህር፣ ክቡር ጋሼ ሐምራዊ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐምራዊ አበባ እየፈለጉ ነጭ ብቻ ስላበቀሉ።

የሚተክሉት የአተር ዘመድ የሆነ ሐረግ ነው። በደጃቸው ብቅ ካልኩ አለቀልኝ፤ ትምህርቱ ይጀመራል።

«ስሚ ልጄ፣ ቀለሙን የሚሠሩት ሁለት ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ያቦካል፣ ሌላው ይጋግራል። አንዳቸው ከጎደሉ አበባው ነጭ ነው። አቡኪ የሌለውን ነጭ፣ ጋጋሪ ከሌለው ነጭ ጋር ስታዳቅዪ ግን ልጆቹ ሁለቱንም ይወርሱና ሐምራዊ ይሆናሉ!»

«ታዲያ የእርስዎ ለምን ነጭ ሆኑ?»

«ሁለቱም ወላጆች የጎደላቸው ያው አንዱ ሠራተኛ ነዋ! ዘንድሮ ግን አያመልጠኝም።»

ችግኝ ሻጩ ከሩቅ ሲያያቸው ይደበቃል። ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ሐኪሟን ስለ መስኮቷ ነጭ አበባ ጠይቀው፣ ያልተነቀለውን ጥርስም አበባውንም ይዘው ተመልሰዋል።

አምና ዓይናቸው ደከመ። የማይድን ነው ተባለ። ልጃቸው መጥታ ወደምትኖርበት ከተማ ስትወስዳቸው፣ ከጥርስ ሐኪሟ አበባ ጋር ያዳቀሉትን አሥራ ሁለት ዘር እጄ ላይ አስቀመጡ። «አንድ ጊዜ ብቻ ባየው» አሉ።

በየማሰሮው ተከልኩ። አጠጣሁ። ተራገምኩ። አሥራ ሁለቱም ነጭ ሆነው ፈነዱ።

ጋሼ ደወሉ። «እህ፣ ምን ሆነ?»

እውነቱን መናገር አቃተኝ። «ሐምራዊ ነው ጋሼ!»

«ስንቱ?»

ውሸቴ እንዳይጋነን ብዬ «ግማሹ» አልኩ።

«የመጀመሪያው ትውልድ ለሁለት አይከፈልም፤ ወይ ሁሉም ሐምራዊ ነው፣ ወይ ሁሉም ነጭ። ነጭ ናቸው፣ አይደል?»

«ነጭ ናቸው።»

«በቃ» አሉ። በዘጠኝ ዓመት ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ስልኩ ተዘጋ፤ እኔም ማሰሮዎቹ መሃል መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ እኔ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ዳቦ ቤቱ አጥር ላይ አንድ ነጭ አይቻለሁ።»

«እኔ እንኳን አበባ፣ ሰውም አልለይ።»

«እኔ እለያለሁ። እንዴት እንደሚዳቀል ይንገሩኝ።»

«እንቡጡ ሳይፈነዳ ነው የሚጀመረው» አሉ በደከመ ድምፅ። «ራሱን በራሱ እንዳያዳቅል የወንዴውን ክፍል በመቆንጠጫ ታወጪያለሽ፤ ቀስ ብለሽ...»

አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ። አንዴም አላቋረጥኳቸው።